ለጌም የተላኩ ሽማግሌዎች

አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። እናቴ "ይቺን ልጅ ወንበር ይቆረቁራታል" ትላለች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝም ይህን ማለት አልተወችም። ሻይ ይዤ እዞራለሁ። ስልክ እያወራሁ ግቢውን ስዞረው ጎረቤቶቻችን ዕቃ የጠፋብኝ ይመስላቸዋል። አሁን የምጽፍላቸው ሁለት ሳምንታት ግን ከዚያም የባሱ ነበሩ። ቀራንዮ ካለው ቤታችን ተነስቼ፣ ያለ ምንም ጉዳይ አጠና ተራ ድረስ በእግሬ እሄድና የተቆለለውን እንጨት አይቼ እመለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ እንጨት ነጋዴ "እህት፣ ቤት ልትሠሪ ነው ወይስ ልትሰልይን?" አለኝ። በእጄ ሰላም ብዬው ተመለስኩ።

ነገሩ የጀመረው ከሳጥን ነው። ታላቅ ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ደብተሬን የሸፈነልኝም፣ ወላጅ አምጪ ስባል ትምህርት ቤት የሄደልኝም እሱ ነው። እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የምለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖረ። ከዚያ ሰዉ ማስጠገን ተወ፤ የተበላሸውን ጥሎ አዲስ መግዛት መጣ፣ የወንድሜ ሱቅም ባለቤቶቻቸው ሊወስዷቸው ባልተመለሱ ቴሌቪዥኖች ተሞላ። ሌላ ሰው ቢሆን ለቆራሌው ይሸጣቸው ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ተነስቶ ከኮምፔርሳቶ ሰው የሚያህል ሳጥን ሠራ፣ ደህና የቀረውን ስክሪን ገጠመበት፣ የአሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ከተተበት፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት እጀታ ተከለ። እጀታዎቹን ማርሽ ነው የሚላቸው። ጠራኝና "ይኸውልሽ፣ የጌም ማሽን" አለኝ።

"ምን ያጫውታል?" አልኩት።

"እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው" አለኝ፣ ካቻቢቴውን በሱሪው እየጠረገ።

እኔ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ጠባቂ ነኝ። ጠባቂ ስል ተማሪ ሲገባ አስፈርማለሁ፣ ሲወጣ አስፈርማለሁ፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የራሴ ነው። በዚያ ጊዜ ነው ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። እግሬ አርፎ አያውቅም እንጂ እጄ እዚያ ኪቦርድ ላይ ያርፍ ነበር። ጌሙን ለመጨረስ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ፈጀብኝ፤ በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

የሠራሁት ከማውቀው ነገር ነው። ከዘነበወርቅ ተነስቶ አስኮ የሚገባ አንድ ታክሲ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ይጫወቱታል፤ አንዱ ሹፌር ነው፣ ሌላው ወያላ። ሹፌሩ ጉድጓድ ይሸሻል፣ አስፋልት መሀል ተኝታ የምታመሰኳ ላም ይዞራል፣ ትራፊክ ፖሊሱን ከሩቅ ካላየው ጉድ ይፈላበታል። ወያላው ሰው ይጠራል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ "ወራጅ አለ!" ሲባል ሹፌሩን ያስቆማል። ሁለቱ ካልተስማሙ ተሳፋሪው ሰድቧቸው ይወርዳል። ስድቦቹን የፈጠርኳቸው እኔ አይደለሁም፤ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ከምሰማው ለጆሮ የማይከብደውን መርጬ ነው። የወያላው ድምፅ ደግሞ የወንድሜ ነው። ዓይን አፋር ስለሆነ ሰው እያየኝ አልጮህም ብሎ፣ ስልኬን ይዞ ባኞ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ "አስኮ፣ አስኮ! የሞላ! ሁለት ሰው ብቻ!" እያለ ጮኸ። እናቴ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ በሩን ልትሰብር ነበር።

ዘጠኝ ሳጥን ሠራን። ሻይ ቤቶችና ጌም ቤቶች ውስጥ ተቀመጡ፤ ከሁሉ የሚወደደው ግን ታክሲ ተራው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት የቆመው ነበር። የሚጫወቱት እውነተኞቹ ሹፌሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ውለው ተራ እስኪደርሳቸው ደግሞ ሳጥኑ ፊት ቆመው ይነዳሉ። አንዱማ ጨዋታው ላይ ወያላ የሆነለት ጓደኛው ተሳፋሪ አስመልጦበት ቀኑን ሙሉ አኩርፎት ዋለ። እኔ ጥግ ላይ ሻዬን ይዤ ቆሜ አያለሁ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፣ እኔም አልነግራቸውም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሳጥኑን ሰዉ "ቁም ሳጥን" ነው የሚለው። "ቁም ሳጥኑ ጋ እንገናኝ"፣ "ቁም ሳጥኑ ተይዟል"። እውነትም ቁም ሳጥን ይመስላል፤ ቁመቱም፣ ቀለሙም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ "ልብስ አንጠልጥለውበት ያውቃሉ?" ብሎኝ ከልቡ ሲከፋ አይቻለሁ። እኔ ሳቅሁ፤ ባልሳቅሁ ይሻል ነበር።

ከዚያ አንድ የአስኮ ሰውዬ ብቅ አለ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ ቀጭን ማሽን፣ ከላይ ስክሪን ከታች የፋብሪካ ማርሽ ያለው፣ እየገጣጠመ ይሸጣል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአስኮ እስከ ኮልፌ ያሉት ጌም ቤቶች በሱ ማሽን ተሞሉ። ማሽኑ ላይ ኳስም ተኩስም ሞልቷል፤ ሰዉ ግን ይጫወትና ይጫወትና "የታክሲው የለም?" ይለዋል አሉ። የታክሲው ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ማሽን ይዞ እቤታችን ድረስ መጣ።

ወንድሜ ወንበር ሰጠው፣ ሻይ አስቀዳለት። ከዚያ ማሽኑን ተቀብሎት ካቻቢቴ አወጣና ሰውዬው ፊት ፈታታው። ውስጡን አየ፣ ማርሹን ነቅሎ በጣቱ ለካ፣ መልሶ ገጠመ።

"ጥሩ ነው" አለው። "ጌሙን ግን አልሰጥም።"

"ጋሼ፣ ውጭ አገር ያሉት ትልልቆቹ ጌም ሠሪዎች እንኳን 'የኛ ጌም በኛ ማሽን ብቻ' ሲሉ ኖረው አሁን ለባላንጣቸው ማሽንም ጌም እየሠሩ ነው እኮ። እርስዎ ከነሱ ይብሳሉ?" አለ ሰውዬው።

"እነሱ ማሽናቸው ቢቀር ሌላ ነገር አላቸው" አለ ወንድሜ። "እኔ ምን አለኝ?"

ሰውዬው እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ማሽኑን አጥፎ፣ በትሕትና እጅ ነስቶ ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ ወንድሜ ላይ ተነሳሁበት። ጌሙ ዘጠኝ ቦታ ላይ ታስሮ ቀረ፣ አሥረኛ ሳጥን የሚገዛ ጠፋ፣ ሰው እየፈለገው እንዴት እንከለክላለን አልኩት። ጋሼ መበየጃውን እያሞቀ ሰማኝ።

"ሰዉ የኔ ሳጥን ፊት የሚቆመው ያንቺን ጌም ብሎ ነው" አለኝ። "ጌሙ እዚያ ቀጭኑ ውስጥ ከገባ የኔን ማን ያየዋል? ያን ጊዜ በቃ እውነትም ቁም ሳጥን ሆነ ማለት ነው።"

"ታዲያ ጌሙ እዚሁ ያርጅ?"

"አብሮን ያርጃ!"

ይህን ሰው አባት አድርጌ ነው ያደግሁት፤ ሃያ ዓመት የሠራበት ሙያ ከእጁ ሲወጣ አይቻለሁ፤ አሁን ሁለተኛውን ልንነጥቀው ነው። ያም ሆኖ የኔም ልጅ ነው ጌሙ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፣ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። አንዳችን ብንሳሳት እንዴት ቀላል ነበር።

የአስኮው ሰውዬ ተስፋ አልቆረጠም። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቆርቆሮ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። አንደኛው የኛው እድር ዳኛ ናቸው። ሰውዬው እሳቸውን መጨመሩ ብልጠት ነበር፤ አባታችንን የቀበሩልንን ሰው በር ላይ መመለስ የማይታሰብ ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሦስተኛው በሰውዬው በኩል ከአስኮ የመጡ አዛውንት ናቸው።

"የቤቱ አባወራ አለ?" አሉ የእድሩ ዳኛ። እኔን አላዩኝም።

እናቴ ከመስኮት አየቻቸው። ሦስት ሽማግሌ፣ እሑድ፣ ጋቢ፣ በቤቱ ያላገባች ልጅ። ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ወንድሜን ጠርታ፣ እኔን ወደ ጓዳ ገፍታ፣ በደቂቃ ውስጥ ነጠላዋን ቀይራ ወጣች። በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ ሳያት ወንበሮቹን ታስተካክል ነበር።

"ግቡ፣ ግቡ፣ አረፍ በሉ" አለች።

"የለም እሜቴ፣ ልመና ይዘን መጥተን አንቀመጥም። ቆመን ነው የምንናገረው" አሉ የእድሩ ዳኛ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንቱን ሲያጋቡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አፋቸው በለመደው መንገድ ሄደ። "እንግዲህ የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን…"

"እሰይ!" አለች እናቴ፣ ሳይጨርሱ።

መምህሩ የዳኛውን ጋቢ ጎተት አደረጉ። "ጌሙን፣ ጌሙን" አሉ በሹክሹክታ፤ እኔ ጓዳ ድረስ የሰማሁት ሹክሹክታ።

"አዎ… ጌማችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው" አሉ ዳኛው።

"ምናችንን?" አለች እናቴ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። መጋረጃውን አፌ ውስጥ ከትቼ ያዝኩት። ከዚያ የእናቴን ፊት አየሁና ሳቁ ጠፋ። ቀስ ብላ ወደ ጓዳ መጣች፣ አጠገቤ ዱካ ላይ ቁጭ አለች፣ የቀየረችውን ነጠላ ጫፍ ታጥፍ ጀመር። "እኔ እኮ…" አለችና ተወችው። ሆዴ ባባ። ላገባ ፈልጌ አይደለም፤ እሷ ለአንድ ደቂቃ እንደዚያ ደስ ብሏት ስለነበር ነው።

ሳሎን ውስጥ ዳኛው ቀጥለዋል። "እኛ ይህን ሳጥንና ያንን ሳጥን አንለይም፣ ልጄ። ልጁ ግን እንዲህ ይላል፤ እኔ ቤት ሠርቻለሁ፣ ቤቴ ባዶ ነው፣ ጌማቸው ይግባልኝ ይላል። ጋሼን ሳጥንዎን ይጣሉ አላልኳቸውም ይላል። በክብር እይዘዋለሁ ይላል። ይህን ብሎ ነው የላከን።"

በወጉ፣ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺም እምቢም አይባልም።

"እንመካከርበት" አለ ወንድሜ። "በሁለት ሳምንት ተመለሱ። አሁን ግን እባካችሁ ቁጭ በሉ።"

ተቀመጡ፣ ቀመሱ፣ መርቀው ሄዱ። ከመግባታቸው እስከ መውጣታቸው ለኔ የተናገሩት "ውሃ ጨምሪልን" የሚል ብቻ ነው። የጻፍኩት እኔ፣ የሚለመነው እሱ! ይህ ነገር ሌሊትም ቀንም ከውስጤ አልወጣ አለ። እንመካከርበት ብሏል፤ ከማን ጋር ሊመካከር ነው? በማግስቱ "ጋሼ፣ መቼ ነው የምንነጋገረው?" አልኩት። "እያሰብኩበት ነው" ብሎ ሱቁ ገባና ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ደግሜ ጠየቅሁት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ያ ሁለት ሳምንት ነው እንግዲህ እግሬን ያሳበደው። ጠዋት ሥራ እገባለሁ፣ ተማሪ አስፈርማለሁ፣ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ። ከሰዓት ወጥቼ ታክሲ መሳፈር ሲገባኝ በእግሬ እሄዳለሁ። ቤት ስደርስ የሱቁ በር እንደተዘጋ ነው፤ ከውስጥ የሞረድ ድምፅ ይሰማል። ክርር፣ ክርር፣ ክርር። ብረት እየሞረደ ነው። ሳንኳኳ "ቆይ" ይለኛል እንጂ አይከፍትም። አዲስ ሳጥን እየሠራ ነው ብዬ ደመደምኩ። የአስኮውን ሊበልጥ፣ ቀጭን፣ አሥረኛ። ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል፣ ወዲያው ደግሞ እናደዳለሁ። የማን ጌም ሊከትበት ነው? እኔን ጠይቆኛል?

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ አስኮ ታክሲ ሄደ። ጌሙ ያለበት ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለራሴ "ላየው ብቻ ነው" አልኩ። ምን ይመስላል ብዬ፣ ሌላ ስክሪን ላይ ታክሲዬ እንዴት ይሄዳል ብዬ።

ሰውዬው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። "ጋሼ እሺ አሉ እንዴ?"

"አላሉም። ላየው ብቻ ነው።"

"ኧረ እይው፣ ምን ችግር አለው" አለና ማሽኑን ከፈተልኝ።

ፍላሹን ሰካሁ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ በራ፣ ዘነበወርቅ ታየ፣ ሰማያዊው ታክሲዬ ብቅ አለ፣ ከማሽኑም ውስጥ ወንድሜ "አስኮ፣ አስኮ! የሞላ!" ብሎ ጮኸ። ክው አልኩ። ከኋላዬ የቆመ ነበር የመሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ዞሬ በሩን አየሁ። ሰውዬው ሳቀ።

ለመጫወት ቆምን፤ እኔ ሹፌር፣ እሱ ወያላ። ጥሩ ሄድን። ወደ ግራ ስታጠፍ ግን ታክሲው ቀጥ አለና፣ ትንሽ ቆይቶ ታጠፈ። ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም ቀጥ አለ።

"ጌሙ ይንተባተባል እንዴ?" አለኝ ሰውዬው።

ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት። የወንድሜ ማርሽ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ነው የታሰረው። ጎማው ወደ ግራ ሲሳብ ይዘገያል። መጀመሪያ ስጽፈው ተጫዋቹ እንዳይናደድ ብዬ፣ ማርሹ እስኪደርስ ጌሙ ትንሽ እንዲጠብቀው አድርጌ ነበር። ጌሜ በወንድሜ እጅ ልክ የተሰፋ ነበር ማለት ነው። እዚህ ፋብሪካው የሠራው ማርሽ ላይ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም።

"ይስተካከላል?" አለኝ።

የሱን ላፕቶፕ ተቀብዬ ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተቀመጥኩ፤ ሳልነሳ አንድ ሰዓት ሙሉ። መጠበቂያዋን ከፕሮግራሙ ውስጥ አወጣኋት። ተነስተን ስንጫወት ታክሲዬ በረረ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በጉድጓዱ ዳር፣ በላሟ ጭራ ሥር። ስጽፈው ልቤ ውስጥ የነበረው ይኼ ነበር። እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ያለ ወንድሜ ማርሽ የተሻለ ነበር፣ በጣም የተሻለ፣ ይህን ሳውቅ ደግሞ ደስታዬ መሀል ላይ የሆነ ነገር ወጋኝ።

"ፍላሹን ተዪልኝ፣ አንድ ሁለት ቦታ ልሞክረው" አለኝ። "እስከ እሑድ አልሸጠውም፣ በእናቴ።"

ተውኩለት። ማንም አላስገደደኝም። ጌሙ የኔ ነው፣ ይዞኝ የነበረውም ይኸው ቃል ነው፤ የኔ ነው፣ የኔ ነው እያልኩ ቤቴ ገባሁ። የሞረዱ ድምፅ እንደቀጠለ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ተራው አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ገባሁ። ሁለት ሹፌሮች ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

"ይኼ ፋራ ነው" አለ አንደኛው። "አስኮ ላይ ትናንት ተጫወትኩት፣ በቀጭኑ። ግራ ላይ አይቆምም። ሙድ አለው።"

"የታክሲው? እነሱ ጋ ገባ?"

"ገባ እንጂ።"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ዳገቱን በሩጫ ነበር የወጣሁት ማለት ይቻላል። ወንድሜ በዚያች ሻይ ቤት በየሳምንቱ ማርሹን ሊጠጋግን ይገባል፤ ዛሬ ባይሰማ ሰኞ ይሰማል። ልንገረው ብዬ የሱቁ በር ላይ ደረስኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ መለስኩ። ሦስት ጊዜ። ዛሬ ከነገርኩት ነገ ሽማግሌ ፊት ምን ይሆናል? ካልነገርኩት ደግሞ እሱ "እምቢ" ይላል፣ ሽማግሌዎቹም እምቢ የተባሉትን ጌም አስኮ ላይ ሰው ሲጫወትበት ያያሉ፣ ወንድሜም የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። እምቢ እንደሚል አንድም ጊዜ አልተጠራጠርኩም። አሁን ስጽፈው የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ አልተጠራጠርኩም።

እሑድ መጡ። ያው ሦስቱ። እናቴ በዚህኛው ነጠላ አልቀየረችም። ወንድሜ ግን ተላጭቶ፣ ለበዓል የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ወጣ፤ በእጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፣ ተቀመጠ፣ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ።

እኔ ጓዳው በር ላይ ነበርኩ። አላስችል አለኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ። ሰጥቼዋለሁ" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

"ሐሙስ ዕለት አስኮ ሄጄ ሰጥቼዋለሁ። ማሽኑ ላይ ገብቷል። ሰው እየተጫወተበት ነው። እምቢ ብለህ እንዳታፍር ብዬ ነው… ጌሙ እኮ የኔም ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም።" ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። የመጨረሻዋን ቃል ስናገር የሰማኝ መኖሩንም እንጃ።

ወንድሜ አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጥቅል ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርገው ጨርቁ ተገለጠ። ሁለት ማርሽ ነበሩ። ጎማ የላቸውም፤ ብረት፣ በእጅ የተሞረዱ፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ፣ ከሥራቸው ስፕሪንግ የተገጠመላቸው። ትንንሽ ናቸው። ለኛ ሳጥን አይሆኑም። ቀዳዳዎቻቸው የአስኮው ማሽን ልክ ናቸው፤ ሐሙስ ዕለት በእጄ ይዤ የተጫወትኩበት ስለሆነ ዓይቼ ለየሁት። ያን ቀን ማሽኑን ፈትቶ ሲለካ ልኩን ይዞት ኖሯል። ሁለት ሳምንት በሩን ዘግቶ ሲሞርድ የነበረው ከጌሜ ጋር አብሮ የሚልከውን ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ጨርቁን መልሶ አለበሳቸውና ከወንበሩ ሥር አስቀመጣቸው።

የእድሩ ዳኛ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። "እንግዲህ…" አሉ ግራ ገብቷቸው። "ነገሩ አልቋል ማለት ነው? እኛስ ምን ልንለምን መጣን?"

መምህሩ ከዘራቸውን ለመነሳት ያዙ። ወንድሜ እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

"አይ፣ አባቶቼ፣ እንደዚህማ አትሂዱ" አለ። ባኞ ቤት ገብቶ ካልዘጋ የማይጮኸው ሰው ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው። "ስጥ ብላችሁ ጠይቁኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሺ ማለትን ስለማመድ ነው የከረምኩት።"

ከዚያ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ አንዱ አንዱን እየደገፈ፣ ተነስተው ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ዳኛውም ከመጀመሪያው ጀምረው፣ አንድም ቃል ሳያጎድሉ፣ ጌማችሁን ለልጃችን ስጡን ብለው ለመኑት።

"እሺ" አለ ወንድሜ። "ሰጥቻለሁ።"